ገጹ ሲለወጥ የሚነሣው ቁጣ ልማድ ብቻ ነውን?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ለዓመታት ጠዋት ጠዋት የማነበው አንድ የአማርኛ የዜናና የንባብ ድረ ገጽ በአንድ ሌሊት መልኩን ለውጦ ስላገኘሁት ነው። ምላሹ እየበዛ ስለ ሄደና ዘግይተው የሚገቡ አንባቢዎች መነሻው እየጠፋባቸው ስለ ተቸገሩ፣ ጥያቄዬንና የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ እዚህ አስፍሬያለሁ። የድረ ገጹን ስም አላነሣሁም፤ ሌሎችም እንዳያነሡ ለምኜ ነበርና ተባብረውኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መክፈቻ፦ ቀድሞ በገጹ በስተግራ ዓምዶቹ ተዘርዝረው ይታዩ ነበር፤ ከታች ደግሞ የቆዩ ጽሑፎች በወርና በዓመት የተደረደሩበት ማኅደር ነበር። አሁን ዓምዶቹ ሦስት አግድም መስመሮች ባሉት ትንሽ ምልክት ውስጥ ገብተዋል፣ ማኅደሩ የለም፣ የስክሪኑን ወርድና ቁመት የሞላ አንድ ፎቶግራፍ ተዘርግቶ የመጀመሪያውን አርእስት ለማየት እንኳ ገጹን ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ቅሬታዬን ስጽፍላቸው የመጣልኝ መልስ ትሕትና ያልጎደለው ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን ሁሉም አንባቢ መጀመሪያ እንደሚያማርር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም እንደሚለምደው የሚያስረዳ ነበር። ጥያቄዬ የተነሣው ከዚሁ መልስ ነው። አንባቢ የሚያሰማው ቅሬታ በጊዜ የሚበርድ የልማድ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ ባለቤቱ ሊሰማው የሚገባ እውቀት አለበት? የእኔ እምነት ሁለተኛው ነው። መብራት ሲጠፋ ክብሪቱ የት እንዳለ እጁ የሚያውቅ ሰው፣ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ቦታ ተቀያይሮ ቢያድርበት የሚናደደው አዲሱ አቀማመጥ ስላላማረው አይደለም፤ እጁ የሚያውቀውን ስለ ተነጠቀ ነው።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ መምህር ናቸው። ሰላምታ አስቀድመው በሐሳቡ መስማማታቸውን ገለጹና፣ እርሳቸውን ይበልጥ ያሳዘናቸው የማኅደሩ መጥፋት እንደ ሆነ ጻፉ፤ ተማሪዎቻቸው የአንድን ጉዳይ አካሄድ ከዓመት ዓመት እንዲከታተሉ የሚያሠሯቸው በዚያ ማኅደር ነበርና። ሆኖም ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት በሁላችንም ውስጥ ስላለ፣ ቅሬታችንን ራሳችን ቀድመን ብንመረምረው እንደሚበጅ በጨዋ ቃል አሳሰቡ።

ምላሽ 2፦ ሁለተኛው መላሽ አልተስማማም። በመስከረም 2006 ፌስቡክ የጓደኞችን እንቅስቃሴ በአንድ ላይ የሚያሳየውን የዜና ገጽ ሲከፍት፣ ተቃዋሚዎቹ በዚያው በፌስቡክ ላይ ያቋቋሙት ቡድን በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር አባል እንዳፈራ አስታወሰ። ያ ሁሉ ሰው የጠላው ነገር ዛሬ በአብዛኞቹ የማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ የምናየው የተለመደ አቀራረብ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ቢያፈገፍግ ኖሮ ይሳሳት ነበር ማለቱ ነው።

ምላሽ 3፦ ይህ ምላሽ ሁለተኛውን አረመ፤ በእኔ ዕይታ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ጸሐፊዋ እንዳስረዳችው በዚያ ጊዜ የነበረው ቅሬታ ስለ መልክ አልነበረም። ቀድሞ የአንድን ሰው አዲስ ነገር ለማየት ወደ እርሱ ገጽ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ አዲሱ አሠራር ግን ሰው ሳያስበው የሠራውን ሁሉ ሰብስቦ በሌሎች ፊት ማስጣት ጀመረ። ኩባንያው ገጹን አላነሣም፤ ነገር ግን በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ተጠቃሚው የሚወስንበትን መቈጣጠሪያ ጨመረ። ስለዚህ ሰው አዲሱን ነገር የለመደው ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ እንጂ ችላ ተብሎ አይደለም ስትል ደመደመች። ሁለተኛው መላሽ ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገናት።

ምላሽ 4፦ በጣም ረጅም ነበርና አሳጥሬዋለሁ። የዲግን ታሪክ ያነሣል። ዲግ አንባቢዎች ራሳቸው የዜና ሊንክ እያመጡና ድምፅ እየሰጡ የፊት ገጹን የሚሠሩበት ድረ ገጽ ነበር። በነሐሴ 2010 አራተኛውን ገጽታውን ሲያወጣ ደካማ ጽሑፍ የሚቀበርበትን ቁልፍ አነሣ፤ የወደዱትን የሚያስቀምጡበት ዝርዝር ጠፋ፤ የዜና ድርጅቶች ደግሞ ማንም አንባቢ ሳይመርጥላቸው ጽሑፋቸውን በራሱ እንዲያስገባላቸው በር ተከፈተ። በዚያ ላይ ገጹ ለቀናት እየተቋረጠ አስቸገረ። አንባቢዎቹም በቀናት ውስጥ በድምፃቸው የዲግን የፊት ገጽ ከተፎካካሪው ከሬዲት በመጡ ሊንኮች ሞሉት፣ ብዙዎቹም ወደዚያው ሄደው ቀሩ። የገጹ የውስጥ አሠራርና የመረጃ ቋቱ አብሮ ተለውጦ ስለ ነበር ወደ ቀድሞው መመለስ አልተቻለም። በ2012 ዲግ ቤታወርክስ ለተባለ ኩባንያ ሲሸጥ የተዘገበው ዋጋ 500,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የዘረዘረው መልመድ የሚባለው ነገር አንባቢው ሌላ መሄጃ በሌለው ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ ለማሳየት ነው።

ምላሽ 5፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ የዲግን ነገር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በሚለው ተረት ዘጋችው። ብዙ ሰው ወደዳት።

ምላሽ 6፦ ክሩ የተሳለው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደር ባለሙያ ገብቶ፣ ስለ ዲዛይን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ዳኛ ማድረጋቸው እንደ ሰለቸው ጻፈ። የቀድሞው ገጽ ለኮምፒውተር ስክሪን ተለክቶ የተሠራ እንደ ነበር፣ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ እንደ ጉንዳን እንደሚያንስ፣ የአገራችን አንባቢ አብዛኛው በስልክ የሚያነብ ሆኖ ሳለ ያንን ገጽ ለማቆየት መሟገት ራስ ወዳድነት እንደ ሆነ ተናገረ። የሚጮኹት ጥቂቶች ናቸው፣ የረኩት ዝም ይላሉ፤ ይህን ማንኛውም ባለሙያ ያውቀዋል አለ።

ስለ ስልክ ያለው እውነት ነው፤ እኔም በኮምፒውተር ስለማነብ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዝምታን እንደ እርካታ መቍጠሩን ግን አልቀበለውም። ዝም ካሉት ውስጥ ትተው የሄዱትም አሉ።

ምላሽ 7፦ መልሱ የመጣው ከሪያድ ነው። ጸሐፊዋ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ናት፤ የምታነበውም ማታ ሥራ ስትጨርስ፣ በስልኳ ብቻ ነው። ባለሙያው የስልክ አንባቢን ሳይጠይቅ ምስክር አድርጎ መጥራቱ በጣም እንዳስቈጣት አልደበቀችም። የቀድሞው ገጽ ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም በጣቷ አስፍታ ታነበው ነበር፤ ጽሑፉም ወዲያው ይመጣ ነበር። አሁን ግን ያ ትልቅ ፎቶግራፍ እስኪወርድ ትጠብቃለች፤ አርእስቱን ልትነካ ጣቷን ስትሰድ ፎቶው ድንገት ደርሶ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋውና ጣቷ ማስታወቂያ ላይ ያርፋል። ለሳምንት የምትገዛው ዳታ በአራተኛው ቀን ማለቅ ጀምሯል። ለስልክ ተብሎ የተሠራ ነገር የስልኩን ባለቤት ካስቸገረ ለማን ተሠራ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 8፦ አንድ ጸሐፊ ነገሩን ወደ ዊኪፔዲያ ወሰዱት። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ2010 ጀምሮ የነበረውን የኮምፒውተር ገጽታ በጥር 18 ቀን 2023 ሲለውጥ፣ ጽሑፉ በመካከል በጠበበ ዓምድ ተወስኖ ግራና ቀኙ ባዶ ነጭ ሆነ፤ ማውጫው ከጽሑፉ ውስጥ ወጥቶ በስተግራ ቆመ። እርሳቸውን የከነከናቸው ግን ብዙ ሰው ያላነሣው ነገር ነው። ቀድሞ አንድ መጣጥፍ ሲያነቡ በስተግራ ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የሚለውን በገዛ ፊደሉ ተጽፎ ያዩትና ይጫኑት ነበር። አሁን ቋንቋዎቹ ከአርእስቱ በስተቀኝ ባለ አንድ ቁልፍ ውስጥ ገብተዋል፤ በላዩ የሚታየው የቋንቋዎቹ ብዛት ብቻ ነው። ልጃቸው በምትኖርበት በዋሽንግተን የሚያድጉ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንግሊዝኛ እያነበቡ ሳለ በዐይናቸው ዳር የአማርኛን ፊደል ያዩ ነበር፤ አሁን ፈልጎ ለማይከፍተው ልጅ አማርኛ መኖሩ እንኳ አይታወቅም ብለው አዘኑ።

ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንድ ቁልፍ ቦታ መለወጥ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ምላሽ 9፦ የዊኪፔዲያ አዘጋጅ የሆነ ሰው በአክብሮት ሦስት ነገር አረማቸው። አንደኛ፣ ለውጡ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ ከ2020 ጀምሮ የፈረንሳይኛውን ጨምሮ በሌሎች ዊኪፔዲያዎች ሲሞከርና ሲታረም ቆይቷል። ሁለተኛ፣ በቀድሞውም ገጽታ ሁሉም ቋንቋ አይዘረዘርም ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ዝርዝሩ አጥሮ እንደ አንባቢው የብሮውዘር ቋንቋና እንዳለበት አገር ጥቂቶቹን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ስለዚህ የልጅ ልጆቹ ያዩት የነበረው ምናልባት በአያታቸው ኮምፒውተር ላይ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መለያ ከፍቶ የገባ ሰው ከምርጫዎች ውስጥ የቀድሞውን ገጽታ መልሶ መውሰድ ይችላል፤ የገጹን ወርድ የሚያሰፋ ቁልፍም አለ። ይህን ካለ በኋላ ግን አንድ ነገር አልደበቀም። ለውጡ ከወጣ በኋላ በአዘጋጆቹ መካከል በተደረገው ክርክር ወደ ቀድሞው ይመለስ ያሉት በቍጥር ይበልጡ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ውሳኔ በድምፅ ብዛት ስለማይሰጥ ክርክሩ መግባባት አልተደረሰም ተብሎ ተዘጋ።

ምላሽ 10 እና 11፦ ሁለቱ መላሾች ከርእሱ ወጡ። አንዱ ቁልፉ የትም ቢቀመጥ በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ያሉት መጣጥፎች ጥቂትና አጫጭር እስከ ሆኑ ድረስ ተጭኖ መግባቱ ምን ይረባል አለ፤ ሌላው ከመውቀስ ይልቅ አንድ መጣጥፍ ጻፍ ብሎ መለሰለት።

ምላሽ 12፦ ይህ የእኔ ነው። ጉዳዩ የራሱ ክር እንደሚገባው ገልጬ ወደ ገጽ አቀማመጥ እንድንመለስ ለመንኩ።

ምላሽ 13፦ የፊደል ቅርጽ በመንደፍ ላይ የተሰማራ ሰው ማንም ያልነካውን ነገር ይዞ መጣ። አዲሱ ገጽ ከውጭ ተዘጋጅቶ የተገዛ የገጽ ንድፍ እንደ ሆነ ዐይቶ እንዳወቀ ጻፈና ምክንያቱን ዘረዘረ። በላቲን ፊደል የሚሠራ ዲዛይነር የዓምድን ስም ከአርእስት፣ አርእስትን ከሐተታ ብዙ ጊዜ የሚለየው ስሙን በትልልቁ ፊደል (በካፒታል) በመጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ በካፒታል አውጣ የሚለው የኮዱ ትእዛዝ በአማርኛ ላይ ምንም አይሠራምና ፖለቲካ የሚለው የዓምድ ስምና ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አንድ መልክ ይዘው ይወጣሉ። ለድምቀትም እንዲሁ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ደማቅ ቅርጽ (ቦልድ) ስለሌለው፣ ብሮውዘሩ ያንኑ ፊደል በላዩ ደርቦ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ የጨ እና የጬ ልዩነት ቀለም ውስጥ ይሰጥማል። ፊደሎቻችን አብዛኞቹ ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ መስመር ከመስመር ራቅ ማለት አለበት፤ አዲሱ ገጽ ግን ለላቲን የተለካውን ርቀት እንዳለ ወስዶ፣ በዚያ ላይ ጽሑፉን በቀጭን ግራጫ ቀለም አውጥቶታል። በስልኩ ላይ የሉ እና የሊን እግር ለመለየት ዐይኑን ማጥበብ እንዳስፈለገው ጽፏል።

ምላሽ 14፦ አንድ ሰው ይህ የባለሙያ ቅንጦት ነው፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ዜና እንጂ የፊደል እግር አይደለም ብሎ በንቀት አለፈው።

ምላሽ 15፦ የአሥራ ሦስተኛው ጸሐፊ መልስ አጭርና ቍጡ ነበር። የፊደል እግር ካልታየ ዜናው እንደማይነበብ አስታውሶ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን ተረት ጠቀሰ፤ የገዛ ፊደላችንን በትርፍ ነገር የምንቈጥር ከሆነ ሌላው ምን ያድርግ አለ። እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 16፦ ዐይነ ስውር የሆኑ አንድ አንባቢ ጻፉ። ኤን ቪ ዲ ኤ በተባለው በነጻ በሚገኘው ስክሪን ሪደር ይጠቀማሉ፤ ፕሮግራሙ የገጹን ጽሑፍ በድምፅ ያነብላቸዋል። በኪቦርዱ ላይ ኤች የተባለውን ቁልፍ በተጫኑ ቍጥር ድምፁ ከአንዱ አርእስት ወደ ቀጣዩ ይዘላል። በቀድሞው ገጽ ላይ አራት ጊዜ ሲጫኑ የዕለቱ ዋና ዜና ላይ ይደርሱ ነበር፤ ቡናቸው እስኪፈላ አርእስቶቹን በሙሉ አዳርሰው የሚያነቡትን መርጠው ይጨርሱ ነበር። ገጹ በተለወጠ ማግሥት ኤችን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ምንም አርእስት እንደሌለ ነገራቸው። ኮምፒውተራቸው የተበላሸ መስሏቸው ዘግተው ከፈቱ። በኋላ ወንድማቸውን አስቀምጠው ሲያስነብቡ፣ ለእርሱ አርእስቶቹ በትልልቁ ተጽፈው እንደሚታዩት ነገራቸው። ያን ጠዋት አንዱን ዜና ለማግኘት ከገጹ ጫፍ ጀምረው የማስታወቂያውን፣ የፎቶግራፉን፣ የማጋሪያ ቁልፎቹን ስም ሁሉ በተራ መስማት ነበረባቸው፤ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ቅሬታ አላሰሙም። እንዲህ ሆነ ብለው ብቻ ጻፉ።

ምላሽ 17፦ ባለሙያው ተመለሰ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። አርእስት በዐይን ትልቅ ሆኖ መታየቱ አንድ ነገር፣ በገጹ ኮድ ውስጥ አርእስት ተብሎ መሰየሙ ሌላ ነገር እንደ ሆነ አስረዳ፤ ሠራተኛው ስያሜውን ትቶ ተራውን ጽሑፍ ብቻ ካሳደገው የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም፣ ስክሪን ሪደር ግን አርእስቱን አያገኘውም። ማረሙ ከባድ ሥራ እንዳልሆነና እርሱም ራሱ በሠራቸው ገጾች ላይ ይህን ስሕተት እንዳገኘ ነገረን። ለሪያዷ እኅታችንም ለፎቶው የሚሆን ቦታ በኮድ ቀድሞ ከተያዘ ጽሑፉ እንደማይዘል ገልጾላት ይቅርታ ጠየቃት። የቀድሞው ገጽ ግን ለስልክ የማይሆን ነበር በሚለው ሐሳቡ ጸንቷል፤ ያንን ማንም አልተከራከረውም።

ምላሽ 18፦ ይህ ምላሽ ቍጥር ይዞ መጣ። በ2018 መጀመሪያ የፎቶና የመልእክት መለዋወጫው ስናፕቻት አዲሱን ገጽታ ለሁሉም ሲያዳርስ ወደ ቀድሞው ይመለስ የሚል አቤቱታ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ኩባንያው መጀመሪያ ሰው እንደሚለምደው ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን በዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ 191 ሚሊዮን የነበረው የዕለት ተጠቃሚ በሁለተኛው ሩብ ወደ 188 ሚሊዮን ወረደ፣ ለውጡም በከፊል ተቀለበሰ።

ምላሽ 19፦ ሌላው ጸሐፊ የሬዲትን መንገድ አወደሰ። ሬዲት በዚያው በ2018 አዲስ ገጽታ ሲያወጣ የቀድሞውን አላፈረሰም፤ የፈለገ ሰው በተለየ አድራሻ ይገባበታል። ባለሙያው ለዚህም መለሰ፤ ሁለት ገጽ ማስተዳደር ሁለት ጊዜ መሥራት ስለ ሆነ ሦስትና አራት ሠራተኛ ያለው የአማርኛ ድረ ገጽ እንደማይችለው አስረዳ። ይህም እውነት ነው፤ ሆኖም ለሁለት ወር እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው አይቻልም ማለት አይደለም።

ምላሽ 20፦ በደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው የራሱን ገጠመኝ ነገረን። ገቢው በአብዛኛው በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ለባለጉዳይ ፎርም ከመሙላት ነው። የገጹን እያንዳንዱን እርከን በወረቀት አትሞ፣ የሚጫኑትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ከብቦና ቍጥር ሰጥቶ፣ በላስቲክ አስለብጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር፤ ማንበብ ብዙ የማይሆንላቸው ሰዎች እንኳ ቀዩን ክብ እየተከተሉ ራሳቸው ይሞሉ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ገጹ ተለውጦ ሲያገኘው በሩ ላይ ስምንት ሰው ቆሞ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ከሦስት ቀን በፊት ይለወጣል የሚል አንዲት መስመር ገጹ ላይ ቢጽፉ ኖሮ አዲስ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። አዲሱ ገጽ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን ግን ሳይሸሽግ ተናግሯል።

ምላሽ 21፦ እዚህ ላይ እኔ ገብቼ ሐሳቤን አስተካከልኩ። ስጀምር ቅሬታን ሁሉ በአንድ ሚዛን አስቀምጬው ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታየኛል። ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ የፎቶው መተለቅ ያመጣብኝ ቅሬታ ይበርዳል፤ እንዲያውም ይህን ስጽፍ ሦስት መስመር ያለው ምልክት ላይ እጄ ሳላስብ መሄድ ጀምሯል። ማኅደሩ ግን አይለመድም፤ የለምና። ከሪያድ የመጣው የዳታ ጉዳይ፣ የአርእስቶቹ ስያሜ፣ የፊደሉ ድምቀት፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ሲሠራበት የነበረ ነገር መወሰዱን የሚናገሩ ናቸው። ባለቤቶቹ ሁለቱን ሳይለዩ ይለመዳል ብለው መመለሳቸው ነው ያስከፋኝ፤ አሁንም ያስከፋኛል።

ምላሽ 22፦ በድረ ገጹ ላይ የሚሠራ ሰው ክሩን አንብቦ፣ ስሙንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም ሳይጠቅስ ጻፈ። ማኅደሩን ሊያጠፉት አስበው እንዳልነበር፣ የቆዩት ጽሑፎች ወደ አዲሱ አሠራር ሲሻገሩ ቀናቸው ስለ ተዘበራረቀ ለጊዜው እንደ ደበቁትና እየተስተካከለ እንደ ሆነ አስረዳ። ይህን ለአንባቢ ባለመናገራቸው ይቅርታ ጠየቀ። አርእስቶቹን በዚያው ሳምንት እንደሚያርሙ፣ ፎቶውን እንደሚያሳንሱ ቃል ገባ። ስለ ፊደሉ ከአሥራ ሦስተኛው ጸሐፊ ጋር ለመነጋገር አድራሻውን በግል መልእክት ጠየቀው።

ምላሽ 23፦ ከስድስት ቀን በኋላ የመጣው የዐይነ ስውሩ አንባቢ ምላሽ ነው። የኤች ቁልፍ እንደገና ሠርቷል። ዋናው ዜና አሁን የሚገኘው በአራተኛው ሳይሆን በሁለተኛው ላይ ነው፤ እስከ አሁን ግን እጃቸው አራት ጊዜ ይጫንና ስፖርት ላይ ያርፋል።